እግር ካርታ አይደለም

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአጥቢያችን የወጣቶች ኅብረት ጋር ላሊበላ ሄደን ነበር። የከተማውን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ካየን በኋላ፣ በማግስቱ ማለዳ ወደ አሸተን ማርያም ወጣን። ላሊበላ ራሷ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ አሸተን ደግሞ ከእርሷ በላይ፣ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ጎን፣ 3,000 ሜትርን አልፋ ከዐለት ተፈልፍላ ተቀምጣለች። ሥራዋ በንጉሥ ነአኩቶ ለአብ ዘመን እንደሆነ ይነገራል። መንገዱ ጠጠርና ገደል ነው። እኛ በስፖርት ጫማ እያለከለክን ስንወጣ፣ ጭራሮ የተሸከሙ አንዲት እናት በባዶ እግራቸው አለፉን። «በርቱ ልጆቼ» ብለውን ሄዱ። ተረከዛቸው እንደ በጋ መሬት ተሰነጣጥቆ ነበር። ሁላችንም አየን፤ ማንም ምንም አላለም።

ማታ ማረፊያችን ስንደርስ እግራችን ውኃ ቋጥሮ፣ ጉልበታችን ይንቀጠቀጥ ነበር። ከመካከላችን አዲስ አበባ አጭር ሥልጠና የወሰደች አንዲት እኅት ከቦርሳዋ አንድ ሥዕል አወጣች። የሁለት እግሮች መዳፍ ሥዕል ነው፤ በቀይ፣ በቢጫ፣ በአረንጓዴ ቀለም ተከፋፍሎ በየክፍሉ «ጉበት»፣ «ሳንባ»፣ «ኩላሊት»፣ «አንጀት» ተብሎ ተጽፎበታል። «ይህ ሪፍሌክሶሎጂ ይባላል፤ ሁለንተናዊ ሕክምና ነው» አለችን። የአንዱን ወንድም እግር ይዛ ስትጫን «አይ!» ብሎ ጮኸ። «አየህ፣ ሐሞትህ ደክሟል» አለችው። ሳቅን፤ ከዚያ ግን ሁሉም ተሰለፈ።

አንድ ወንድም ብቻ ተነሥቶ «ይህ የምሥራቅ መንፈስ ነው፤ እግራችሁን አትስጡ» አለ። ነገሩ ወደ ክርክር ተለወጠ። እርሷ አለቀሰች፤ እርሱ ጸሎት ጀመረ። በመጨረሻ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ፤ አስተማሪያቸው ነኝና። እኔም «ለእያንዳንዱ እንደ ኅሊናው» ብዬ አለፍኩት።

ያ መልስ ፍርሃት ነበር። ዛሬ ላርመው ነው የምጽፈው። ለምን እንደፈራሁም ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

አስቀድሜ ወንድማችንን ልጠይቅ። ያንን ሥዕል የምሥራቅ መንፈስ ያሳለው መሆኑን ማን ነገረህ? የዛሬው ሪፍሌክሶሎጂ ታሪክ የተጻፈ ነው። በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ዊልያም ፊትዝጄራልድ የተባለ አሜሪካዊ የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም ሰውነትን ከራስ እስከ እግር ጣት በ10 ቀጥ ያሉ መስመሮች ከፈለና፣ አንዱን ቦታ መጫን በዚያው መስመር ያለውን ሌላ ቦታ ይረዳል አለ። እ.ኤ.አ. በ1917 ከኤድዊን ባወርስ ጋር ሆኖ በመጽሐፍ አወጣው። ቀጥሎ ኢዩኒስ ኢንግሃም የተባለች አሜሪካዊት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ትኩረቱን ወደ እግር አመጣችው፤ የውስጥ አካላትን አንድ በአንድ በእግር መዳፍ ላይ አሰፈረች፤ እ.ኤ.አ. በ1938 መጽሐፏን አሳተመች። አውራ ጣት ራስ ነው፣ የጣቶች ሥር ሳንባ ነው፣ የመዳፉ ጎድጓዳ ሆድ ነው፣ ተረከዝ የታችኛው ወገብ ነው የሚለው አሰፋፈር ከዚያ የመጣ ነው።

ስለዚህ ሥዕሉን የሠራው የሕንድ ባሕታዊ አይደለም። አንዳንድ ሠሪዎች በኋላ «የሕይወት ኃይል ፍሰት» የሚል ትምህርት እንደጨመሩበት አውቃለሁ። ከእግርህ በላይ እምነትህን የሚጠይቅ ካገኘህ እግርህን ሰብስብና ውጣ፤ በዚህ አልከራከርህም። ነገር ግን ያላጣራነውን ሁሉ «መንፈስ» ማለት ልማድ ሆኖብናል። በሐሰት አትመስክር የሚለው ትእዛዝ ለማናውቀው ነገርም ይሠራል። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ፣ ሁሉን ነገር በ«መንፈስ ነው» ስንዘጋው፣ ልንጠይቀው የሚገባንን ተራ ጥያቄ ሳንጠይቅ መቅረታችን ነው፤ እውነት ነው ወይ?

አሁን ወደ እኅታችን ልምጣ። ነገሩ የአምስት ሺህ ዓመት ጥበብ ነው ብላን ነበር። ማስረጃው ግብፅ ውስጥ ሳቃራ በሚባለው ስፍራ፣ በአንክማሆር መቃብር ግድግዳ ላይ ያለው ቅርጽ ነው ይባላል። ቅርጹ አለ፤ ሰዎች የሌሎችን እጅና እግር ይዘው ይታያሉ። ግን እግር መያዙን እንጂ ጉበት በእግር መዳፍ ላይ መኖሩን የሚያሳይ ነገር የለበትም። እግር መያዝማ እኛም አገር አለ። እናቴም የእንግዳ እግር ስትይዝ ኖራለች፤ ማንም ግን ሪፍሌክሶሎጂ አላለውም።

እኔ ኮሌጅ የተማርኩት ባዮሎጂ ነው። ከተረከዝ ተነሥቶ ወደ አንጀት፣ ከጣት ሥር ተነሥቶ ወደ ሳንባ በዚያ ካርታ መሠረት የሚሄድ የነርቭ መንገድ አልተማርኩም፤ ማንም አላገኘውምና። የተለያዩ ትምህርት ቤቶች የሚያሳትሟቸው ካርታዎች እንኳ እርስ በርስ አይስማሙም። የአዲስ አበባ ሁለት ካርታዎች ቢለያዩ ከመርካቶ ወደ ፒያሳ ሄደን የትኛው ልክ እንደሆነ እናያለን። በእግር መዳፍ ላይ ግን ሄዶ የሚያይ የለም።

ፈትነው የሚያውቁ ሰዎች ግን አሉ። እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣ አንድ ጥናት፣ ሁለት የሪፍሌክሶሎጂ ባለሙያዎች በሽታቸው አስቀድሞ የታወቀ 18 ሰዎችን እግር እንዲመረምሩ ተደረገ። ባለሙያዎቹ የማን እግር እንደያዙና ምን በሽታ እንዳለበት አያውቁም ነበር። ግኝታቸው በሽታውን ለይቶ የሚያሳውቅ ሆኖ አልተገኘም፤ ሁለቱም እርስ በርሳቸው አልተስማሙም። ኤድዛርድ ኤርንስት የተባሉ ተመራማሪ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2009 እስከዚያ የተሠሩ 18 ሙከራዎችን ሰብስበው ሲመዝኑ፣ ሪፍሌክሶሎጂ የትኛውንም በሽታ እንደሚፈውስ የሚያሳምን ማስረጃ አላገኙም።

«እኔን ግን ተሻለኝ» የሚል ሊኖር ይችላል። እመንሃለሁ። ቀኑን ሙሉ ቆሞ የዋለ ሰው እግሩን በቅባት ቢያሹለት ይዝናናል፣ እንቅልፍ ይወስደዋል፣ ሐሳቡም ይቀልለታል። ይህ መልካም ነገር ነው፤ ኃጢአትም የለበትም። ስሙ ግን እግር ማሸት ነው። የእግር ማሸትን ዋጋ ክፈል፣ የእግር ማሸትን ዕረፍት ውሰድ። «ጉበትህን አክምሃለሁ» ያለህ ዕለት ግን ሌላ ዕቃ እየሸጠልህ ነው፤ ዕቃውም መደርደሪያው ላይ የለም።

«ታዲያ ምን ይጎዳል? ባይጠቅምም አይጎዳ» ትሉኝ ይሆናል። በዚያች ማታ የፈራሁት ይህ ጥያቄ ነው፤ መልሱን በቤቴ አውቀዋለሁና።

አክስቴን «እታለም» እያልን ነው የምንጠራት። ያሳደገችኝ እርሷ ናት። የስኳር ሕመም ካገኛት ብዙ ዓመት ሆኗታል። አንድ ወቅት ላይ እግሯ ማቃጠል ጀመረ፤ ሌሊት «ጉንዳን ይሄድበታል» ትል ነበር፤ ቀስ በቀስ ደግሞ ማቃጠሉ ቀርቶ መደንዘዝ መጣ። ያኔ ስለ ሪፍሌክሶሎጂ አንብቤ በጣም ተደንቄ ነበር። መድኃኒት የለውም፣ መርፌ የለውም፣ ሰውን ሁለንተናውን ያያል የሚለው ቃል ማረከኝ። እኔው ራሴ እጇን ይዤ ወደ አንድ እግር አሺ ወሰድኳት፤ የከፈልኩትም እኔ ነኝ። ሰውየው በትሕትና ተቀበላት። እግሯን ይዞ «ኩላሊትዎ ደክሟል፤ ይከፈታል» አላት። አራት ወር ተመላለሰች። «ተሻለሽ ወይ እታለም?» ስላት «ተመስገን ልጄ፣ አያቃጥለኝም» ትለኝ ነበር።

አያቃጥላትም ነበር፤ አይሰማትም ነበርና። በስኳር የተጎዳ ነርቭ መጀመሪያ ይጮኻል፣ በኋላ ዝም ይላል። ዝምታውን ፈውስ ብለን እግዚአብሔርን አመሰገንን። አንድ ቀን ጫማዋ ውስጥ የወጣ ሚስማር ቀኑን ሙሉ ሲወጋት ውሎ አላወቀችውም። ካልሲዋ ላይ ደም ያየችው የጎረቤት ልጅ ናት። ሐኪም ቤት ስንደርስ ቁስሉ ከአጥንት ደርሶ ነበር፤ ሁለት ጣቶቿ ተቆረጡ። ያከማት ሐኪም አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ፦ «በእነዚህ አራት ወሮች ውስጥ እግሯን አይቶ የሚያውቅ ሰው አልነበረም?»

እንዴት ብዬ ልመልስለት? በየሳምንቱ እግሯን የሚይዝ ሰው ነበር። የሚያየው ግን ካርታውን ነበር። ኩላሊት ሲፈልግ እግሯን አላየም። እኔም አላየሁም።

እታለም አልወቀሰችኝም። «አንተማ ለደግ ብለህ ነው የኔ ጌታ» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ባይጠቅምም አይጎዳ» የሚለውን ቃል ከአንደበቴ አውጥቻለሁ። የማይጠቅም ነገር የሚጠቅመውን ጊዜ ይበላል። በአላሻ ክሊኒክም ሆነ በእኛ በጸሎት ቤት፣ «ተፈውሰሃል፤ ሐኪም አያስፈልግህም» የሚል ሰው የሚወስደው ይህንኑ ጊዜ ነው። ይህንን ለሪፍሌክሶሎጂ ብቻ ብናገርና ለራሳችን መድረክ ባልናገር ግብዝ እሆናለሁ።

እዚህ ላይ የንጉሥ አሳን ታሪክ የሚያነሣ አይጠፋም (2ዜና 16)። እግሩን ታሞ እግዚአብሔርን ሳይሆን ባለ መድኃኒቶችን ፈለገ ተብሎ ተጽፏልና፣ ሐኪም ቤት መሄድ አለማመን ነው ይሉናል። ምዕራፉን ከመጀመሪያው አንብቡት። አሳ በሶርያ ንጉሥ የታመነ፣ የገሠጸውን ባለ ራእይ ወኅኒ የጣለ፣ ከሕዝቡም አንዳንዱን ያስጨነቀ ሰው ነው። የተወቀሰው ሐኪም ስላየ ሳይሆን ከአምላኩ ዞር ስላለ ነው። ጳውሎስ ሐኪም ባልንጀራ ነበረው፤ ደጉ ሳምራዊም ለቁስለኛው ዘይትና ወይን ይዞ ነበር የደረሰው።

ከሁሉ በላይ የሚያናድደኝ ግን «ሁለንተናዊ» የሚለው ቃል ነው። ይህ ቃል የእኛ ነበር። በ1964 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ፣ ጉዲና ቱምሳ ዋና ጸሐፊዋ በነበሩበት ጊዜ፣ የወንጌል ስብከትና የሰው ልማት እንዴት እንደሚያያዙ የሚናገር ደብዳቤ ለውጭ አጋሮቿ ጻፈች። ፍሬ ነገሩ ሰውን ነፍስና ሥጋ ብላችሁ አትቁረጡብን የሚል ነበር። ከዚያ ወዲህ «ሁለንተናዊ አገልግሎት» ስንል የተራበውን፣ የታመመውን፣ ያልተማረውንና ያላመነውን አንድ ሰው አድርገን ማየታችን ነው። ዛሬ ቃሉ የእስፓ ማስታወቂያ ሆኗል። ሰውን ሙሉ አያለሁ የሚለው ሰው፣ ሙሉውን ሰው አንድ የእግር መዳፍ ላይ አጥፎ አስቀመጠው። ይህ ሁለንተና አይደለም። ሁለንተና ማለት ያቺ ተረከዟ የተሰነጠቀ እናት ለምን ጫማ እንደሌላት፣ ማገዶው ከየት እንደሚመጣ፣ ስትታመም ጤና ጣቢያው ምን ያህል እንደሚርቃት መጠየቅ ነው።

እግርን በእውነት ያዩ ሰዎችን ልጥቀስላችሁ። በአገራችን ደጋማ፣ ዝናብ የሚበዛባቸውና ቀይ አፈር ያለባቸው ቦታዎች ዝሆኔ የሚባል የእግር እብጠት አለ። በእነዚህ አካባቢዎች ዝሆኔን በብዛት የሚያመጣው፣ በሳይንሱ ስም ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለው በሽታ ነው። ወደ 1.5 ሚሊዮን የሚጠጉ ኢትዮጵያውያን እንደታመሙበት ይገመታል። ከእሳተ ገሞራ ዐለት የተገኘ የደቀቀ አፈር በባዶ እግር ቆዳ ውስጥ ገብቶ የፈሳሽ ማስተላለፊያ ቧንቧዎችን ይጎዳል። አይተላለፍም፤ እርግማንም አይደለም። በቤተሰብ የሚወረስ ተጋላጭነት ቢኖርም፣ ከልጅነቱ ጫማ ያደረገና እግሩን የሚታጠብ ሰው ይጠበቃል። ይህን ያስረዳን ኧርነስት ፕራይስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ካርታ ይዞ አልመጣም፤ የባላገሩን እግርና የረገጠውን አፈር መረመረ።

ወላይታ ላይ ደግሞ ናታን ባርሎ የተባሉ ሚስዮናዊ ሐኪም ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ በእርጅናቸው፣ እነዚህን ሕመምተኞች የሚረዳ አገልግሎት ጀመሩ። መሣሪያቸው የልብስ ማጠቢያ ሳፋ፣ ሳሙና፣ የተበረዘ በረኪና፣ ቫዝሊን፣ ካልሲና ላበጠ እግር ተለክቶ የተሰፋ ጫማ ነበር። ይህ ይሠራል ወይ ተብሎም ተፈትኗል። በምሥራቅ ጎጃም ወደ 700 በሚጠጉ ሕመምተኞች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ሙከራ፣ እግሩን በየቀኑ የሚታጠብ፣ ቅባት የሚቀባና ጫማ የሚያደርግ ሰው ትኩሳትና ሥቃይ የሚያመጣው ቁጣ በአምስት እጅ አንድ ያህል እንደሚቀንስለት አሳየ። ልብ በሉ፤ ተአምር አልተባለም። አንድ አምስተኛ ተባለ። እውነተኛ ነገር ልኩን ይናገራል።

ሳፋና ሳሙና ለእኛ አዲስ ነበሩ ወይ? አብርሃም እንግዶቹን ሲቀበል ያቀረበው ለእግራቸው ውኃ ነው (ዘፍ. 18)። ጌታ በስምዖን ቤት የታዘበው ለእግሩ ውኃ አለመቅረቡን ነው (ሉቃ. 7)። በመጨረሻዋ ማታም ማበሻ ጨርቅ ታጥቆ ያጎነበሰው ወደ ደቀ መዛሙርቱ እግር ነው (ዮሐ. 13)። የየአንዳንዱን እግር ይዞ የሚያነበው ነገር አልነበረም፤ ቆሻሻውን ነው ያነሣው። አሳልፎ የሚሰጠውን እግር እንኳ አልዘለለም።

በልጅነቴ፣ እንግዳ ከመንገድ ሲገባ፣ ውኃ አሙቃ እግሩን የምታጥበው እታለም ነበረች። የኦርቶዶክስ ጎረቤቶቻችን በጸሎተ ሐሙስ የሕጽበተ እግር ሥርዓት አላቸው። እኛ ወንጌላውያን «ሥርዓት ብቻ ነው» ስንል እሰማለሁ። እሺ፤ እነርሱ በዓመት አንዴ ያጥባሉ እንበል። እኛስ በዓመት ስንቴ አጠብን? ስለ እግር ማጠብ ስብከት ከሰበክሁት ብዛት የታጠበ እግር ብቆጥር አፍራለሁ።

ስለዚህ፣ የተወደዳችሁ፣ ክርክሩን እዚህ ላይ ጨርሼ ሥራ ልስጣችሁ። በሚቀጥለው ቅዳሜ የወጣቶች ፕሮግራማችሁን ትታችሁ በአጥቢያችሁ ስኳር ያለባቸውን እናቶችና አባቶች ቤት ሂዱ። ለብ ያለ ውኃ አዘጋጁ፤ ሙቀቱን በክርናችሁ ለኩ፤ የእነርሱ እግር ላይሰማው ይችላልና። አትዘፍዝፉት፤ አጥባችሁ በጣቶቹ መካከል ጭምር በደንብ አድርቁ። ቫዝሊን ቀቡ፤ በጣቶቹ መካከል ግን አትቀቡ። መዳፉን፣ ተረከዙን፣ የጣቶቹን መካከል በብርሃን እዩ። ቁስል፣ መቅላት፣ እብጠት ወይም የጠቆረ ነገር ካያችሁ በዚያው ቀን ይዛችኋቸው ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ጫማቸውን አራግፉ፣ እጃችሁን ከትታችሁ ሚስማርና ጠጠር ፈልጉ። ከዚያ ጸልዩላቸው።

እኅታችንን ያን ማታ አስለቅሰናት ዝም በማለቴ ይቅርታ ጠይቄአታለሁ። እጆቿ ጎበዝ እጆች ናቸው፤ ከሁላችንም ይልቅ እግር መንካት የማትጸየፍ እርሷ ነበረች። ካርታውን አጥፋ አስቀምጣዋለች። አሁን በየአስራ አምስት ቀኑ እታለም ዘንድ ትመጣለች። እታለም ስምንት ጣቷን ዘርግታ ትቀመጣለች፤ ልጅቱም መብራቱን አቅርባ አንድ በአንድ ታያቸዋለች።